ተቋርጦ የቆየ የግል አውሮፕላን አብራሪነት ሥልጠናን ስለመቀጠል

የግል አውሮፕላን አብራሪነት ሥልጠና ጀምረው በገንዘብ እጥረት፣ በሥራ ጫና፣ በሕመም፣ በቤተሰብ ኃላፊነት ወይም በጸጥታና በመንገድ ችግር ምክንያት ለዓመታት ያቋረጡ ዜጎች ሥልጠናውን መቀጠል ይችላሉ። የቆይታው ርዝመት ብቻውን መመለስን አይከለክልም። ሆኖም ከቀድሞው ሥልጠና የሚያዝላቸው ምን እንደሆነ፣ በጊዜ ብዛት ዋጋ የሚያጣው የትኛው እንደሆነና መጀመሪያ መደረግ ያለበት ምን እንደሆነ ሳይለዩ ክፍያ የሚፈጽሙ ተመላሾች ለአላስፈላጊ ወጪ ይዳረጋሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእነዚህ ተገልጋዮች ሲሆን፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ርቀው በጀውሃ፣ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለሚኖሩ አመልካቾች ጠቃሚ ነጥቦችን ያካትታል።

1. የፈቃዱ ምንነትና ዝቅተኛ መስፈርቶቹ

የግል አብራሪነት ፈቃድ ባለፈቃዱ ክፍያ ሳይቀበል አውሮፕላን እንዲያበር የሚያስችል ማረጋገጫ ነው። ለደመወዝ ወይም ለኪራይ ለማብረር የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ያስፈልጋል። በአገራችን የአብራሪነት ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሥልጠና ተቋማትንም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

የፈቃዱ ዓለም አቀፍ መሠረት ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነትና አባሪ 1 የተሰኘው የሙያ ፈቃድ ደረጃ ነው። በዚህ ደረጃ መሠረት ለአውሮፕላን የግል አብራሪነት ፈቃድ የሚያመለክት ሰው፦

• ዕድሜው ከ17 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት፤
• ከ40 ሰዓት ያላነሰ የበረራ ጊዜ፣ ወይም ዕውቅና ባለው ተከታታይ ሥልጠና ውስጥ ከሆነ ከ35 ሰዓት ያላነሰ የበረራ ጊዜ ማስመዝገብ ይጠበቅበታል፤
• ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት በአሰልጣኝ ቁጥጥር ሥር ለብቻ የተበረረ መሆን አለበት፤
• ለብቻ ከሚበረረው ጊዜ 5 ሰዓቱ የአገር አቋራጭ በረራ ሲሆን፣ አንዱ ጉዞ ከ270 ኪሎ ሜትር ያላነሰና በሁለት የተለያዩ አየር ማረፊያዎች ሙሉ በሙሉ በማረፍ የሚከናወን ነው። ይህ ርቀት ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ከሚያደርሰው የመኪና መንገድ ይበልጣል።

እነዚህ አኃዞች ዝቅተኛ ወለል ናቸው። ፈቃድ የሚሰጠው አመልካቹ ሰዓቱን ስለሞላ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍና በተግባር ፈተና ብቃቱን ሲያረጋግጥ ነው።

2. ከቀድሞው ሥልጠና የሚቆየውና ጊዜው የሚያልፈው

በአግባቡ ተመዝግቦ በአሰልጣኝ የተፈረመበት የበረራ ሰዓት የልምድ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የበረራ መዝገቡ (ሎግ ቡክ) ከሁሉም አስቀድሞ መገኘት ያለበት ሰነድ ነው። መዝገቡ የጠፋበት ሰው ቀድሞ ከሠለጠነበት ተቋም የተረጋገጠ የሥልጠና ማኅደር ግልባጭ እንዲሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል።

በአንጻሩ የሚከተሉት በጊዜ የተገደቡ ናቸው፦

• የጤና ምስክር ወረቀት፤
• የንድፈ ሐሳብ ፈተና ውጤት፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የግል አብራሪ ፈተና ውጤት ለ24 ወራት ብቻ ያገለግላል፤
• ለብቻ ለመብረር በአሰልጣኝ የተሰጠ ፈቃድ፤
• የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት ምዘና፤ በዓለም አቀፉ ምክረ ሐሳብ መሠረት ደረጃ 4 በየ3 ዓመቱ፣ ደረጃ 5 በየ6 ዓመቱ የሚታደስ ሲሆን ደረጃ 6 ዳግም ምዘና አያስፈልገውም።

በመሆኑም ከዓመታት በፊት 28 ሰዓት የበረረ ሰልጣኝ «የቀረኝ 12 ሰዓት ነው» ብሎ በጀት መያዝ የለበትም። ሃያ ስምንቱ ሰዓት በመዝገቡ ላይ ይቆያል፤ በእጁና በአእምሮው ላይ ግን በዚያው ልክ አይቆይም። ቀሪው ሰዓት የሚታወቀው አሰልጣኙ በመመዘኛ በረራ የሰልጣኙን የአሁን ደረጃ ካየ በኋላ ነው።

በውጭ አገር የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን መዝገባቸውን፣ የፈተና ውጤታቸውንና ያገኙት ፈቃድ ካለ እርሱንም በዋናው ይዘው መቅረብ ይኖርባቸዋል። በሌላ አገር የተሰጠ ፈቃድ በኢትዮጵያ ለተመዘገበ አውሮፕላን እንዲያገለግል የባለሥልጣኑ ዕውቅና ያስፈልገዋል።

3. የጤና ምርመራ ከክፍያ በፊት

ተመላሽ ሰልጣኝ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈሉ አስቀድሞ በባለሥልጣኑ በተሰየመ የአቪዬሽን ሐኪም መመርመር አለበት። ለግል አብራሪ የሚፈለገው ሁለተኛ ደረጃ የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ምስክር ወረቀቱ በዓለም አቀፉ ደረጃ ለ60 ወራት ያገለግላል፤ ዕድሜ ከ40 ዓመት ሲያልፍ ወደ 24 ወራት ዝቅ ይላል፤ ከ50 ዓመት በኋላ በየ12 ወሩ እንዲታደስ ይመከራል። በሠላሳ አምስት ዓመቱ አቋርጦ በአርባ ሁለት ዓመቱ የሚመለስ ሰው በአዲሱ የጊዜ ገደብ እንደሚስተናገድ ልብ ሊል ይገባል።

በቆይታው ጊዜ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የሚጥል በሽታ ያጋጠመው፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም መድኃኒት በቋሚነት የሚወስድ አመልካች ለሐኪሙ ሳይደብቅ መግለጽ አለበት። ብዙ የጤና ሁኔታዎች በክትትል የሚፈቀዱ ሲሆኑ፣ የተደበቀ ሕመም ግን በአየር ላይ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ለቆላ ነዋሪዎች ሁለት ጉዳዮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው ወባ ነው። በትኩሳት ላይ ያለ ወይም ገና ያላገገመ ሰው መብረር የለበትም። ሜፍሎኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒትም ማዞርና የመንፈስ መረበሽ ሊያስከትል ስለሚችል ለአብራሪዎች ተስማሚ አይደለም፤ የሚወሰደውን መድኃኒት ለአቪዬሽን ሐኪሙ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጫት ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ አነቃቂ ንጥረ ነገሮችን ከአልኮልና ከካናቢስ ጋር በአንድነት የሚመለከታቸው ሲሆን፣ ከዝርዝሩ ውጭ ያደረገው ቡናንና ትምባሆን ብቻ ነው። ጫት ከመቃም በኋላ የሚከተለው እንቅልፍ ማጣትና ድካምም በራሱ ለበረራ ብቁ አያደርግም።

4. ክህሎት የሚመለስበት ቅደም ተከተል

አውሮፕላኑን የመቆጣጠር የእጅ ስሜት ብዙውን ጊዜ በጥቂት በረራዎች ይመለሳል። ቀድመው የሚደበዝዙት የአሠራር ቅደም ተከተሎች፣ የሬዲዮ ንግግርና የአደጋ ጊዜ እርምጃዎች ናቸው። ሰልጣኙ መሪውን በደህና ስለያዘ ብቻ ዝግጁ የሆነ ሊመስለው ይችላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል፦

ሀ. የአየር ሕግ፣ የአውሮፕላን አጠቃላይ ዕውቀት፣ የክብደትና የአፈጻጸም ስሌት፣ ሜትሮሎጂ፣ ናቪጌሽን፣ የሰው ብቃት፣ የበረራ መርሆዎች፣ የአሠራር ሥርዓትና የሬዲዮ ግንኙነት ትምህርቶችን እንደገና ማጥናት፤
ለ. የሚበረርበትን አውሮፕላን መመሪያ ማንበብ፤ ቀድሞ ከሠለጠኑበት የተለየ ዓይነት ከሆነ ፍጥነቶቹንና ገደቦቹን እንደ አዲስ መያዝ፤
ሐ. ከአሰልጣኝ ጋር የመመዘኛ በረራ ማድረግና በጽሑፍ የተቀመጠ የሥልጠና ዕቅድ መቀበል፤
መ. ስቶል፣ የሞተር መቆም፣ ማረፍን ትቶ እንደገና መነሳትና ነፋስ በጎን ሲመጣ ማረፍን ከአሰልጣኝ ጋር መለማመድ፤
ሠ. አሰልጣኙ በመዝገቡ ላይ አዲስ ፈቃድ ሲፈርም ብቻ ለብቻ መብረር።

ቀድሞ ለብቻው የበረረ መሆኑ ሰልጣኙን ከመጨረሻው ነጥብ ነፃ አያደርገውም። ፈቃዱን እስኪያገኝም ድረስ መንገደኛ መጫን አይችልም።

5. ከፍታና ሙቀት

በባሕር ጠለል አካባቢ የሠለጠነ ተመላሽ የአገራችንን ከፍታ በልዩ ጥንቃቄ ማጥናት አለበት። የቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ 2,330 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። የአየሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አውሮፕላኑ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ያህል የሳሳ አየር ያገኛል። ሙቀቱ 35 ዲግሪ የደረሰ፣ 1,200 ሜትር ከፍታ ያለው የቆላ ስፍራም ለአውሮፕላኑ ወደ 2,200 ሜትር እንደሚሆን በስሌት ይታያል። በሳሳ አየር የሞተሩ ኃይል ይቀንሳል፣ ለመነሳት የሚያስፈልገው የመንደርደሪያ ርቀት ይረዝማል፣ ሽቅብ የመውጣት አቅምም ይደክማል። ከይፋት ቆላ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው ገደል በአጭር ርቀት ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ መድረሱ፣ አነስተኛ አውሮፕላን ይህን መሰል ተራራ ከመቅረቡ በፊት በቂ ከፍታ መያዝ እንዳለበት ያስረዳል። በሙቀትና ከሰዓት በኋላ በሚከማች ደመና ምክንያት የጠዋት በረራ ይመረጣል።

6. ከጀውሃና ከአካባቢው ለሚመጡ አመልካቾች

በወር አንድ ጊዜ ተመላልሶ መሠልጠን ውጤቱ አነስተኛ ነው፤ የእያንዳንዱ በረራ ግማሽ ያለፈውን በማስታወስ ያልቃል። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡን በመኖሪያ አካባቢ አጥንቶ፣ የበረራውን ክፍል ለተወሰኑ ተከታታይ ሳምንታት አዲስ አበባ ተቀምጦ ማከናወን ይሻላል። በጀቱም የትራንስፖርትና የማረፊያ ወጪን እንዲሁም ከተገመተው በላይ ለሚያስፈልግ የበረራ ሰዓት መጠባበቂያን ማካተት ይኖርበታል። ገንዘቡ ሥልጠናውን መጨረስ የማያስችል ከሆነ እስኪሟላ መጠበቅ፣ ጀምሮ ዳግመኛ ከማቋረጥ ይመረጣል።

7. የአፈጻጸም ቅደም ተከተል

አመልካቹ አስቀድሞ የበረራ መዝገቡን፣ የማንነት መታወቂያውንና የቀድሞ የጤናና የፈተና ሰነዶቹን ያሰባስባል። ቀጥሎ የጤና ምርመራውን ያጠናቅቃል። ከዚያም የቀድሞ ሰዓቶቹና ውጤቶቹ በምን ያህል እንደሚያዙለት ከባለሥልጣኑ የፈቃድ ክፍል በጽሑፍ ያረጋግጣል። በመጨረሻም የባለሥልጣኑ የጸና የሥልጠና ፈቃድ ያለውን ተቋም መርጦ፣ የሰዓት ዋጋን፣ የነዳጅን፣ የአሰልጣኝንና የፈተና ክፍያን እንዲሁም ሥልጠናው ሲቋረጥ የሚመለስ ገንዘብን በግልጽ የሚደነግግ ውል ይፈርማል። ያለዚህ ፈቃድ በሚሠራ ተቋም የተመዘገበ ሰዓት ለፈቃድ ማመልከቻ ላይያዝ ስለሚችል፣ ተገልጋዮች ከመክፈላቸው በፊት የተቋሙን ፈቃድ እንዲያዩ ይመከራል።