ከስክሪኑ ያመለጠው በተን

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲመሠረት ለሁለት ከተሞች ተከፈለ። በቡናና በኮረሪማ አገር፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ያሉት ሚዛን ተፈሪና ቴፒ የየራሳቸው ግቢ ደረሳቸው፤ የኮምፒዩተር ትምህርት የቴፒው ድርሻ ሆነ። እዚያ ለመመረቂያው የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠራ ተማሪ ከዳታቤዙ ጋር ሲታገል የሚንቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ መስኮቱ ስክሪኑ ላይ የት ይቀመጥ? ሲሰፋና ሲጠብብ ውስጡ ያለው ነገር ወዴት ይሂድ?

ጥያቄው ከግቢው በዕድሜ ይበልጣል። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1973 ፓሎ አልቶ ውስጥ በሠራው አልቶ ኮምፒዩተር ላይ ተመራማሪዎቹ መስኮትን በመስኮት ላይ ደርበው አሳይተዋል። ማይክሮሶፍት ግን በኖቬምበር 1985 ዊንዶውስ 1.0ን ሲያወጣ የፕሮግራሞቹ መስኮቶች እንዲደራረቡ አልፈቀደም። ስክሪኑን ጎን ለጎን ይከፋፈሉ ነበር፤ አንዱ ሲሰፋ ጎረቤቱ ይጠብባል። መደራረብ የመጣው በ1987፣ ከዊንዶውስ 2.0 ጋር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አፕል ማይክሮሶፍትን ፍርድ ቤት አቆመው፤ ከክሱ ነጥቦች አንዱም ይኸው መደራረብ ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ አፕል ተረታ።

መስኮት እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቦታውን መወሰን የፕሮግራመሩ ሥራ ሆነ። በ1991 የወጣው ቪዥዋል ቤዚክ ይህን በአራት ቁጥሮች ጨረሰው፦ ከግራ ስንት፣ ከላይ ስንት፣ ወርዱ ስንት፣ ቁመቱ ስንት። መለኪያው ትዊፕ የሚባል ሲሆን አንድ ኢንች 1,440 ትዊፕ ነው፤ በተለመደው ስክሪን 15ቱ አንድ ፒክስል ይሆናሉ። ቁጥሮቹን በእጅ መጻፍም አያስፈልግም፤ በተንን (ስክሪኑ ላይ የሚጫነውን ምልክት) በማውስ ጎትቶ ማስቀመጥ ይበቃል። ዘዴው ድንቅ ነበር፤ ጣጣውም ከዚያው መጣ።

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቡና መረከቢያ ፎርም እንውሰድ። የገበሬው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ፣ እሸት ወይስ ጀንፈል፣ ኪሎ፣ ዋጋ። ረድፉ ይረዝምና “መዝግብ” የሚለው በተን ከላይ 9,600 ትዊፕ ላይ ያርፋል፤ ማለትም 640 ፒክስል። 1024 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ ችግር የለም። 800 በ600 በሆነ አሮጌ ስክሪን ላይ ግን በተኑ ከጠርዙ በታች ይቀራል፤ የቪዥዋል ቤዚክ ፎርም ደግሞ በራሱ ማንሸራተቻ አያበጅም። የለመደ ሰው የታብ ቁልፍን እየደጋገመ ወደማይታየው በተን ይደርስና ኢንተር ይመታል።

ፕሮጀክተር ሲገጠም ሌላ ዓይነት ጉድ ይፈላል። የመጨረሻ ቦታውን እንዲያስታውስ የተሠራ ፕሮግራም በሁለተኛው ስክሪን ላይ ከተዘጋ፣ ገመዱ ተነቅሎ ሲከፈት መስኮቱ ማንም በማያየው ቦታ ሊወጣ ይችላል። መድኃኒቱ አልትና ስፔስ፣ ቀጥሎ ኤም፣ ከዚያ በቀስት ቁልፎች ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ይህን ለተጠቃሚ ከማስተማር ግን ሲከፈት ቦታው በእርግጥ ስክሪን ላይ መሆኑን የሚያጣራ ኮድ መጻፍ ይቀላል።

ቋሚ ቁጥርን ትቶ ሕግ ማውጣት በጃቫ በኩል በ1990ዎቹ አጋማሽ ተስፋፋ፤ ቦታውን የሚያሰላው ፕሮግራሙ ራሱ ሆነ። በ2002 ዶትኔት ሲመጣ በተንን ከቀኝና ከታች ጠርዝ ጋር ማሰር ተቻለ፤ መስኮቱ ሲሰፋ በተኑ አብሮ ይሄዳል።

አማርኛ ሲገባ ሒሳቡ እንደገና ይለወጣል። ፍስሐ አጥላውን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በውጭ አገር የግዕዝ ፊደልን ኮምፒዩተር ውስጥ ለማስገባት ሲደክሙ ፊደሉ የራሱ መለያ ቁጥር አልነበረውም፤ በላቲን ቁጥሮች ላይ ተሸሽጎ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የፎርሙ ጽሑፍ የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ምልክቶችን አጸደቀ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

ፊደሉ ተነበበ፤ በተኑ ግን አልሰፋም። የዶትኔት በተን ሲፈጠር 75 በ23 ፒክስል ነው። “ሰርዝ” ይገባበታል፤ “የይለፍ ቃል ቀይር” ግን ይቆረጣል። በ2005 የወጣው ዶትኔት 2.0 በተን ከጽሑፉ ጋር አብሮ እንዲሰፋ የሚያደርግ ምርጫ አለው፤ አዲስ በተን ሲጎተት ግን ጠፍቶ ስለሚመጣ ፕሮግራመሩ እያንዳንዱ ላይ ማብራት አለበት።