የሻይ ማንቆርቆሪያው ታሪክ፤ የኮምፒዩተር ሞዴል ሥራ በቤት ዕቃ እንዴት እንደ ተጀመረ

እንደሚታወቀው፣ በየትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠየቀው «መሣሪያው ስንት ነው? መብራትስ አለ ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው እስኪሟላ ድረስ ምንም መማር አይቻልም ማለት አይደለም። በተለይ የኮምፒዩተር ሞዴል ሥራ፣ ማለትም የአንድን ነገር ቅርጽ በቁጥር ገልጾ በስክሪን ላይ እንዲታይ የማድረግ ሙያ፣ ታሪኩ ሲመረመር የሚያስገርም ነገር ይገኝበታል። የሙያው መሥራቾች ሀ ሁ የቆጠሩት በመኪና፣ በገዛ እጃቸውና በሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። የመጀመሪያ መሣሪያዎቻቸውም መለኪያ በትር፣ እርሳስና የግራፍ ወረቀት ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ታሪክ በአጭሩ ማቅረብና ለክፍላችን ምን እንደሚጠቅም ማመልከት ነው።

ሀ. ትምህርቱ የተጀመረበት ክፍል

ታሪኩ በአብዛኛው የሚያያዘው በአሜሪካ ከሚገኘው ከዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ዴቪድ ኢቫንስ እ.ኤ.አ. በ1965 ወደዚያ ሄዶ የኮምፒዩተር ሳይንስን ትምህርት አደራጀ። በ1968 ደግሞ አይቫን ሰዘርላንድ አብሮት መሥራት ጀመረ። ሰዘርላንድ ገና ተማሪ ሳለ በ1963 «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም ሠርቶ፣ ሰው በብርሃን እስክሪፕቶ ስክሪን ላይ እንዲሥል ያስቻለ ሰው ነው።

እነዚህን መምህራንና ተማሪዎቻቸውን ያስቸገራቸው ቀጥታ መስመር አልነበረም። ሣጥን ለኮምፒዩተር ቀላል ነው፤ ስምንቱ ማዕዘኖቹ የት እንዳሉ ከተነገረው ይበቃዋል። አስቸጋሪው እንደ ሰው ፊት፣ እንደ እጅ፣ እንደ መኪና ጣሪያ ጎበጥ ያለው ነገር ነው። ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ ገጹን በትናንሽ ጎነ ብዙዎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ማዕዘን መገኛ በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ መመዝገብ ነበር። ቁጥሮቹ የሚገኙት ግን በመለካት ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ ለመለካት የሚቀርባቸውን ነገር መፈለግ ነበረባቸው።

ሄንሪ ጉሮ የተባለው ፈረንሳዊ ተማሪ የባለቤቱን ፊት መረጠ። በፊቷ ላይ መስመሮችን አሥምሮ ነጥቦቹን ለካ። በ1971 ባቀረበው የምርምር ሥራው ብርሃኑን በየማዕዘኑ አስልቶ በመካከል ያለውን ቀስ በቀስ በማዋሐድ፣ የጎነ ብዙዎቹ ጠርዝ እንዳይታይና ፊቱ ለስላሳ እንዲመስል አደረገ። ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በ1972 ሰዘርላንድና ተማሪዎቹ ወደ ደጅ ወጡ። የተለካችው የሰዘርላንድ ባለቤት ቮልስዋገን መኪና ነበረች፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ «ቮልስ» እያልን የምናውቃት፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለችው መኪና ማለት ነው። ተማሪዎቹ በመኪናዋ አካል ላይ ነጥብና መስመር እየሣሉ በመለኪያ በትር ለኳት። ቁጥሮቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ መኪናዋ በስክሪን ላይ ታየች።

በዚያው ዓመት ኤድዊን ካትመል የተባለ ተማሪ የገዛ ግራ እጁን ሞዴል ሠራ። በመጀመሪያ የእጁን ቅርጽ በጀሶ ቀረጸ። ቆዳውን አስቀድሞ ቅባት መቀባት ረስቶ ስለ ነበረ፣ እጁን ከጀሶው ሲያላቅቅ የእጁ ጀርባ ፀጉር አብሮ እንደ ተነቀለ ራሱ ተርኮታል። ከዚያም በጀሶው ቅርጽ ላይ 350 ያህል ጎነ ሦስቶችንና ሌሎች ጎነ ብዙዎችን በቀለም ሥሎ፣ መገኛቸውን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ፣ እጁ ሲዘረጋና ሲታጠፍ የሚያሳይ አጭር ፊልም ሠራ። ፊልሙ በ2011 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ እንዲገባ ተመርጧል። ካትመልም ከጊዜ በኋላ በ1986 ፒክሳር የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ድርጅቱ በ1995 ያወጣው «ቶይ ስቶሪ» ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው።

ለ. ማንቆርቆሪያው

ከሁሉም ይልቅ ስሙ የገነነው ግን የሻይ ማንቆርቆሪያው ነው። ማርቲን ኒውዌል የተባለው እንግሊዛዊ በ1975 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲመራመር፣ የሥዕል ፕሮግራሞቹን የሚፈትንበት፣ በጣም ቀላልም በጣም አስቸጋሪም ያልሆነ ነገር ይፈልግ ነበር። ሻይ ለመጠጣት ከባለቤቱ ጋር እንደ ተቀመጡ ጭንቀቱን ቢያጫውታት፣ «ለምን የሻይ ዕቃውን አትሠራውም?» አለችው። በጠረጴዛው ላይ የነበረው በ1974 በሶልት ሌክ ሲቲ ከሚገኝ መደብር የተገዛ፣ «ሜሊታ» የሚል ስም ያለው ነጭ የጀርመን ሸክላ ማንቆርቆሪያ ነው። ኒውዌል የግራፍ ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ ቅርጹን በዐይኑ እያየ ነደፈው። ከዚያም ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ ነጥቦቹን ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ስኒውን፣ የስኒውን ማስቀመጫና ማንኪያውንም ሠርቶ ነበር።

ማንቆርቆሪያው ለፈተና የተመቸባቸው ምክንያቶች ግልጽ ናቸው። ሆዱ ወደ ውጭ ይጎብጣል፤ መቅጃው ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ እጀታው ቀዳዳ ይፈጥራል፤ ክዳኑና መቅጃው በራሱ ላይ ጥላ ይጥላሉ። ከዚህም በላይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሕተት ቢኖርበት ወዲያው ይታያል። ኒውዌል ቁጥሮቹን ለሌሎች ስለ ሰጠ፣ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች አዲስ የብርሃን ወይም የቀለም ዘዴ ባገኙ ጊዜ በዚያው ማንቆርቆሪያ ላይ ሞክረው ውጤታቸውን ያነጻጽሩ ጀመር። «ቶይ ስቶሪ» በተባለው ፊልም ውስጥም ይታያል። ዋናው የሸክላ ዕቃ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒዩተር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል።

ሐ. ጥምዝ መስመር በአራት ነጥብ

ኒውዌል እንደ ካትመል በመቶ የሚቆጠሩ ጎነ ብዙዎችን አልሣለም። የተጠቀመው በመኪና ፋብሪካ የተወለደ ዘዴ ነው። የሲትሮኤኑ ፖል ደ ካስተልዦ በ1959፣ የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚየር ደግሞ በ1960ዎቹ፣ የመኪናን አካል ጥምዝ በጥቂት መሪ ነጥቦች መግለጽ የሚቻልበትን መንገድ አግኝተዋል። ዘዴው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪ ከቶ አይከብድም፤ በሰሌዳ ላይ እንሞክረው።

አራት ነጥቦች እንውሰድ፤ ሀ (0፣0)፣ ለ (0፣4)፣ ሐ (6፣4)፣ መ (6፣0)። በየሁለቱ ተከታታይ ነጥቦች መካከል ያለውን እኩሌታ ስንፈልግ (0፣2)፣ (3፣4) እና (6፣2) እናገኛለን። የእነዚህን እኩሌታ ስንፈልግ (1.5፣3) እና (4.5፣3) ይሆናል። የሁለቱ እኩሌታ (3፣3) ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጥምዙ መስመር ላይ ያርፋል። በእኩሌታ ፈንታ ሩቡን ወይም ሦስት አራተኛውን ብንወስድ ሌሎች ነጥቦችን እናገኛለን፤ ሲገጣጠሙ ከሀ ተነሥቶ መ ላይ የሚያርፍ እንደ ጎጆ ጣሪያ የጎበጠ መስመር ይወጣል። ልብ ማለት የሚገባን መስመሩ ለን እና ሐን የማይነካ መሆኑን ነው፤ ሁለቱ ከሩቅ ሆነው ይስቡታል እንጂ አይነኩትም።

በአራት ነጥብ አንድ ጥምዝ መስመር ከተገኘ፣ አራት በአራት በሆኑ 16 ነጥቦች አንድ ጥምዝ ገጽ ይገኛል። የኒውዌል ማንቆርቆሪያ በ28 እንዲህ ባሉ ገጾች የተሰፋ ነው፤ አፉ 4፣ ሆዱ 8፣ እጀታው 4፣ መቅጃው 4፣ ክዳኑ 8። ሆዱና ክዳኑ ክብ ስለ ሆኑ ሩባቸውን ማወቅ ይበቃል፤ የቀረው እንደ መስተዋት ምስል ይገለበጣል።

መ. የጎደለው ነገር

ንባባችንን የሚያዳብረው ሌላው ነጥብ የሞዴሉ ጉድለት ነው። የገጾቹን ቁጥር ደምረን ብናይ ለመቀመጫው፣ ማለት ለታችኛው ክፍሉ፣ አንድም ገጽ አልተሰጠም። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠን ማንቆርቆሪያ ከላይ ለሚያየው ሰው ታቹ አይታይምና። አራት ገጾች ተጨምረው 32 የሆኑት ከ12 ዓመት በኋላ፣ ፍራንክ ክሮው በ1987 የማንቆርቆሪያውን ታሪክ በጻፈ ጊዜ ነው። የሸክላው ውፍረትም አልተሠራም፤ ሞዴሉ ቆዳ ብቻ ነው።

በተጨማሪም የታወቀው ሞዴል ከእውነተኛው ዕቃ ያጠረ ነው፤ እውነተኛው በአንድ ሦስተኛ ያህል ይረዝማል። ጂም ብሊን የተባለው ባልደረባ እንደ ገለጸው፣ ሞዴሉ እንደ ተፈለገ ሊለጠጥና ሊጨመቅ እንደሚችል ለማሳየት ከፍታውን ቀነሱት፤ አጭሩ ስላማራቸው እንዲያው ተወው። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚያውቀው አጭሩን ነው። ስለዚህ ሞዴል ምን ያህል ቢያምር የሠሪው ምርጫ እንጂ ዕቃው ራሱ አይደለም። ይህን ለተማሪ በቃል ብቻ መናገር አይበቃም፤ ዕቃውን ከሞዴሉ ጎን አስቀምጦ እንዲያነጻጽር ማድረግ ያስፈልጋል።

ሠ. በእኛ ክፍል

እኔ በማስተምርበት ተቋም ኮምፒዩተሮቹ ለአንድ ሴሚስተር ያህል ተቆልፎባቸው በቆዩበት ጊዜ ይህን ታሪክ አስታውሼ አንዲት ጀበና ይዤ ገባሁ። ሠልጣኞቹ በየ2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ዙሪያዋን በሲባጎ እየለኩ፣ ሲባጎውን በማስመሪያ ላይ ዘርግተው ቁጥሩን መዘገቡ። ዙሪያው 44 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሬዲየሱ 7 ነው። ሬዲየሶቹን በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀምጠው ሲያገናኙ የጀበናዋ ጎን ወጣ። ከመካከላቸው አንዱ አንገቱን አወፍሮ ቢሥለው፣ ጓደኛው «ይህስ እንስራ እንጂ ጀበና አይደለም!» አለችው። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም ተመልሶ ለካ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርሁም። የቤት ዕቃ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ጀበናን የማያውቅ ስለሌለ ክፍሉ በሙሉ አራሚ ይሆናል።

ቀጥለን ይዘቷን አሰላን። ሬዲየሱ 7፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ 308 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ቁራጮቹን ሁሉ ደምረን፣ ጀበናዋን በውሃ ሞልተን ውሃውን ስንሰፍር ግን ከስሌታችን አነሰ። ምክንያቱን ለማግኘት ጥቂት ተከራከርን፤ የለካነው የውጭውን ገጽ ነበረ፤ ሸክላው ውፍረት አለው። የዩታው ማንቆርቆሪያ ውፍረት እንደሌለው የነገርኋቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ያልፉት ነበር።

ክፍሉ በተከፈተ ጊዜ እነዚያው ቁጥሮች ወደ ኮምፒዩተር ገቡ። «ብሌንደር» የተባለው ነፃ ፕሮግራም አንድን የጎን መስመር አዙሮ ሙሉ ቅርጽ ያደርገዋል። ጀበናዋ በስክሪን ላይ በታየች ጊዜ ሠልጣኞቹ አልተደነቁም ማለት አልችልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደ መጣ ያውቁ ነበር። መሣሪያው ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ አዝራሩን እንጂ ቁጥሩን ባላወቁትም ነበር።

እንግዲህ መሣሪያ አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ሊያገኙ ይገባል፤ የተገኘውም ተቆልፎ መቀመጥ የለበትም። እስከዚያው ድረስ ግን የሒሳብ፣ የሥዕልና የኮምፒዩተር መምህራን አንድ ላይ ሆነው አንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡት፣ ሲባጎ፣ ማስመሪያ፣ የግራፍ ወረቀትና ከቤት የመጣ አንድ ዕቃ ይበቃል። ተማሪውም ዕቃውን ገልብጦ ታቹን ማየት እንዳይረሳ ይነገረው።