ለኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ የሚሆን ገመድ አመራረጥ እና አዘረጋግ

የእንጀራ መጋገሪያ የኤሌክትሪክ ምጣድ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ከሚገኙ መገልገያዎች መካከል ከፍተኛ ኃይል ከሚወስዱት ግንባር ቀደሙ ነው። ኃይል ቆጣቢ አምፖል ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ኃይል ሲጠቀም፣ የተለመደው የቤት ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። በምዕራብ ሸዋ ዞን የአደአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በእንጭኒ፣ እንዲሁም በጊንጪ፣ በአምቦና በአካባቢው ባሉ ሌሎች ከተሞች ማዕድ ቤት በአብዛኛው ከመኖሪያ ቤቱ ተነጥሎ በጓሮ በኩል ይሠራል። በዚህም ምክንያት ምጣዱ ኃይል የሚያገኘው ከሳሎን ሶኬት ተስቦ ግቢውን በሚያቋርጥ ገመድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ደጋማ በሆነው በዚህ አካባቢ ክረምቱ ረዥምና ዝናባማ ሲሆን፣ ቤቶቹም በብዛት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። ስለሆነም የገመዱ ጉዳይ የምቾት ሳይሆን የሕይወትና የንብረት ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ገመድ ከመገዛቱ በፊት መታወቅ ያለበት የመሣሪያው ኃይል ነው። የምጣዱን ወይም የምድጃውን ዋት ለ220 ቮልት በማካፈል በገመዱ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት በአምፔር ማግኘት ይቻላል። በዚህ ስሌት 2,000 ዋት የሆነ ባለ አንድ ዓይን ምድጃ 9 አምፔር ገደማ፣ 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ 16 አምፔር፣ 4,000 ዋት የሆነው ደግሞ ከ18 አምፔር በላይ ይወስዳል። በየቤቱ የሚገኘው መደበኛ ሶኬት የሚችለው ከፍተኛ መጠን 16 አምፔር ነው። ይህም ማለት ምጣድ ሶኬቱን እስከ መጨረሻው አቅሙ ወይም ከዚያ በላይ ያስጨንቀዋል ማለት ነው። እንጀራ ሲጋገር የሶኬቱና የስፒናው ፕላስቲክ መሞቅ፣ መጥቆርና መቅለጥ የሚጀምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስፒናውን ደጋግሞ መለወጥ ችግሩን አይፈታም። ምጣድ ከሶኬት ሳይሆን ከማከፋፈያው ሳጥን ተነሥቶ የራሱ ብሬከር ባለው፣ ለሌላ መገልገያ በማይውል መስመር መገናኘት ይኖርበታል።

የገመድ ውፍረት የሚለካው በመዳቡ ስፋት ነው። ነጋዴዎች «ሁለት ነጥብ አምስት» ወይም «አራት» ሲሉ ይህንኑ በካሬ ሚሊ ሜትር መግለጻቸው ነው። እስከ 2,000 ዋት ለሚወስድ ምድጃ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል። ለምጣድ ግን ከ2.5 ማነስ የለበትም፤ ማዕድ ቤቱ ከመኖሪያ ቤቱ የራቀ ከሆነ ወይም ገመዱ በቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መምረጥ ተገቢ ነው። ለ2.5 ገመድ የሚገጠመው ብሬከር ከ20 አምፔር፣ ለ4 ደግሞ ከ25 አምፔር እንዳይበልጥ ይመከራል። ብሬከሩ ደጋግሞ በሚወርድበት ጊዜ በትልቅ መተካት፣ ወይም የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ ማሰር፣ ገመዱን ያለ ጠባቂ መተው ነው።

ቀጭን ገመድ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ለቴሌቪዥንና ለስልክ ቻርጀር የሚያገለግለው 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ 20 ሜትር ተስቦ 3,500 ዋት ምጣድ ቢገናኝበት፣ ገመዱ ራሱ እስከ 250 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል። ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ወይም በምንጣፍና በጭድ ከተሸፈነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ሽፋኑን ያቀልጠዋል። ምጣዱም በተመሳሳይ ምክንያት በቂ ኃይል ስለማያገኝ ለመሞቅ ይዘገያል፤ ተጠቃሚውም ለባከነው ኃይል ይከፍላል። ዲቫይደር ለምጣድ ፈጽሞ አገልግሎት ላይ መዋል የለበትም።

በግዢ ወቅት በሽፋኑ ላይ የታተመውን መጠን ማንበብ ብቻ በቂ አይደለም። የገመዱን ጫፍ ልጦ መዳቡን በቢላ ፋቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ውስጡ ነጭ ሆኖ ከተገኘ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ በተመሳሳይ ውፍረት የሚሸከመውም ኃይል ከመዳብ ያነሰ ነው። ገመዱ ሦስት ሽቦ ያለው መሆን ይገባዋል፦ ቡናማው ለፌዝ፣ ሰማያዊው ለኑትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ለመሬት መስመር። በቆዩ ቤቶች ፌዙ ቀይ፣ ኑትራሉ ጥቁር ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ከመገናኘቱ በፊት በቴስተር መረጋገጥ አለበት።

በተለይ ሊተኮርበት የሚገባው የመሬት መስመር ነው። በየአካባቢው የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የሚሠሩ ብዙ ምጣዶች ሁለት ሽቦ ብቻ ይዘው ለገበያ ይቀርባሉ። በሸክላው ሥር በተቀበረው የማሞቂያ ሽቦ ላይ ሊጥ ወይም ውኃ ሲፈስ፣ ወይም ሽቦው ከቦታው ሲለቅ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ቆርቆሮው አካል ይሸጋገራል። በክረምት እርጥብ በሆነ የአፈር ወለል ላይ በባዶ እግር ወይም በረጠበ ጫማ ቆሞ የሚጋግር ሰው ቆርቆሮውን ሲነካ ፍሰቱ በሰውነቱ ያልፋል። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ በምጣዱ የብረት አካል ላይ በብሎን ታስሮ፣ በሌላው ጫፉ ከማከፋፈያው የመሬት መስመርና በእርጥብ መሬት ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ከተገናኘ ፍሰቱ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ብሬከሩም ይወርዳል። ከዚህ በተጨማሪ የ30 ሚሊ አምፔር የሊኬጅ ብሬከር ማስገጠም ወጪው ቢኖርም ተገቢ ነው፤ ተራው ብሬከር ገመዱን እንጂ ሰውን ለመጠበቅ የተሠራ አይደለምና።

ገመዱ ከምጣዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ተራ የፕላስቲክ ሽፋን በሙቀት ይለሰልሳል። ስለዚህ ሙቀት የሚቋቋም ሽፋን ያለው ገመድና የሸክላ ማገናኛ መጠቀም ያስፈልጋል። ሽቦን በሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በምጣድ መስመር ላይ አይፈቀድም፤ የላላ መገናኛ ከቀጭን ገመድ ባልተናነሰ ይሞቃል። ግቢ የሚያቋርጥ ገመድም በቱቦ ውስጥ ሆኖ መቀበር ወይም ሰውና ከብት በማይደርስበት ከፍታ መዘርጋት እንጂ በሣር ላይ መጎተት የለበትም።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት ውስጥ መስመር የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ሥራው የብቃት ማረጋገጫ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መከናወን ይኖርበታል፤ ማረጋገጫውን የሚሰጠው አካል የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ቆጣሪውን፣ ማኅተሙንና ከምሰሶ የሚመጣውን መስመር የሚነካው ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለሙያ ብቻ ነው። ጥያቄ ወይም ብልሽት ያጋጠመው ደንበኛ በአቅራቢያው በሚገኘው የአገልግሎት መስጫ ማዕከል በአካል ወይም በ905 የጥሪ ማዕከል ማመልከት ይችላል። አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ አከራይና ተከራዮች ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ከመለኮስ ይልቅ የመጋገሪያ ሰዓት ቢከፋፈሉ መስመሩን ከጫና ያድናሉ።

ኃይል በሚቋረጥበት ጊዜ የምጣዱን ብሬከር ወዲያው ማውረድ ያስፈልጋል፤ ኃይሉ ሰው በሌለበት ሰዓት ተመልሶ ምጣዱ ባዶውን ሊግል ይችላል። ገመድ ሲቃጠል ውኃ መድፋት አደገኛ በመሆኑ አስቀድሞ ዋናውን ማብሪያ ማጥፋት፣ ከዚያም በደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ማፈን ተገቢ ነው። በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው በእጅ መንካት አይገባም። መጀመሪያ ኃይሉን ማቋረጥ፣ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ከመስመሩ ማላቀቅ፣ ከዚያም ደህና ቢመስልም እንኳ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።