ትጋህን ያዘዘ ዕረፍትን ይስጥ

በእንግሊዝ አገር ምድር ባቡር በተስፋፋበት በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ ባቡር የሚነዱና የሐዲድ ምልክት የሚጠብቁ ሰዎች በአንድ ተራ ከ12 ሰዓት በላይ መሥራታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ እንቅልፍ ግን የባሕርየ ሥጋ ግብር እንጂ የፈቃድ ጉዳይ ስላይደለ፣ ትጉህም ቢሆን ሰነፍ ሊያመልጠው አይችልም።

በዮርክሺር፣ በቲርስክ ከተማ አቅራቢያ፣ ማነር ሃውስ በሚባለው የምልክት ቤት የሚሠራ አንድ ሰው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ሌሊቱን ሠርቶ ቀኑን ሊያርፍ ሲገባው፣ ሕፃን ልጁ ታማበት ሐኪም ፍለጋ በእግሩ ሲኳትን ዋለ። ልጂቱ ዐረፈች። ኀዘንተኛውም አባት ለዚያ ሌሊት ሥራ እንደማይበቃ ለጣቢያው ሹም አስታወቀ፤ ምትክ ቢጠየቅም አልተላከለትም። ኖቬምበር 2 ቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ቀን ተኩል ያህል ያልተኛው ይህ ሰው ሸለብ አድርጎት በነቃ ጊዜ፣ በምልክት ቤቱ አጠገብ የዕቃ ባቡር ቆሞ መኖሩን ዘንግቶ፣ ከኤዲንበርግ ለሚመጣው የመንገደኞች ባቡር መንገዱን ከፈተ፤ በግጭቱም 10 ነፍሳት ጠፉ።

ሸንጎው ሳያስብ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ቢለውም፣ ዳኛው ግን ቅጣት ሳይጥሉበት አሰናበቱት። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1893፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰዓት ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ መንግሥት መርምሮ ኩባንያውን የሥራ ተራውን እንዲያሻሽል የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ አሜሪካም በ1907 የባቡር ሠራተኛ ከ16 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ይህን ያህል የሠራም የ10 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ደነገገች።

ነገር ግን የሕግ መጻፍ ብቻ አልበቃም። በ1988፣ በለንደን ክላፋም መጋጠሚያ፣ ሳይቆረጥ የቀረ አንድ አሮጌ ሽቦ ምልክቱን አሳስቶ 35 ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ሽቦውን የሠራው ባለሙያ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንዲት ቀን ብቻ መሆኑ በምርመራ ተገለጠ።

ሌሊቱን ቆሞ ማኅሌት ለሚያደርስ ደብተራ ቤተ ክርስቲያን የሚደገፍበትን መቋሚያ ሰጥታዋለች፤ እንዲሁ የሺህ መንገደኛን ሕይወት ለአንድ ሰው ንቃት አደራ የሚሰጥ ማንኛውም ሹም፣ ያ ሰው የሚያርፍበትን ሰዓትና፣ ደክሞኛል ባለ ጊዜ የሚተካውን ሰው አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባዋል፤ ይህን ያላደረገ እንደ ሆነ፣ ከእንቅልፋሙ ሠራተኛ ይልቅ ተጠያቂው እርሱ ነው።