«አምቢኮ 1999» እና ዊንዶውስ የደበቀን ነገር

ትናንት የመጽሐፍ ካርቶን ሳገላብጥ በማርከር «አምቢኮ 1999» የተባለበት ሲዲ ወጣልኝ። የደባርቅ ልጆች ታስታውሱታላችሁ። ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ ከዚያ የቧሂትን ማለፊያ ተሻግረን አምቢኮ ያደርንበት፣ በሌሊት ተነስተን ራስ ደጀን የወጣንበት ጉዞ ነው። ካሜራው የተውሶ ነበር። ባለቤቱ በማግስቱ ከነሚሞሪ ካርዱ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ፎቶው በአንድ ሌሊት ሲዲ ላይ መግባት አለበት።

የጎረቤት ኮምፒውተር ለመንን። ፔንቲየም 4፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ሃርድ ዲስኩ በፊልም የታጨቀ። ሲዲ ራይተሩ ላይ 52 የሚል ቁጥር አለ። የሲዲ መነሻ ፍጥነት በሴኮንድ 150 ኪሎባይት ነው፤ በዚያ ፍጥነት ሙሉ ሲዲ 80 ደቂቃ ይፈጃል። በ52 እጥፍ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይበቃው ነበር። የኛው ግን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ገና 60 ፐርሰንት! ማውሱ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚሄደው። ከዚያ መብራት ሄደ፣ ሲዲው ተበላሸ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አንዱ «የቻይና ሲዲ ስለሆነ ነው» አለ፣ አንዱ ቫይረስ ነው አለ፣ እኔ ደግሞ (አስተማሪ ነኝ ብዬ) ኔሮን ወቀስኩ። ለሦስተኛው ፈራንና ግማሹን ፎቶ ብቻ መርጠን አስገባን።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው።

ፊሊፕስና ሶኒ ሲዲን ለገበያ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በቤት የሚጻፍበት ሲዲ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ሌዘሩ የሲዲውን ቀለም በሙቀት እየለወጠ ስለሚጽፍ ነው «በርን ማድረግ» የተባለው። ሌዘሩ መጠበቅ አይችልም ነበር፤ ዳታው ከዘገየበት ሲዲው ይበላሻል። በ2000 ሳንዮ ቆም ብሎ ካቆመበት የሚቀጥል ዘዴ አመጣ። ከዚያ በኋላ ዳታ ቢዘገይ ሲዲው አይበላሽም፣ ይንቀራፈፋል እንጂ። እኛንም ያሳሳተን ይሄ ነው፤ ችግሩ ስህተት መሆኑ ቀርቶ መዘግየት ብቻ መሰለ።

ዳታ ከድራይቩ ወደ ሚሞሪ የሚጓጓዝበት ሁለት መንገድ አለ። በዲኤምኤ ድራይቩ ራሱ ያራግፋል፣ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ይሠራል። በፒአይኦ ግን ፕሮሰሰሩ እያንዳንዷን ቁራጭ ራሱ ይሸከማል። ባለሱቁ ኩሊ አጥቶ ኩንታሉን ራሱ ከመኪና ሲያወርድ ደንበኛው ደጅ እንደሚቆመው ማለት ነው። ማውሱ የተንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ማን ወደ ፒአይኦ ወሰደው? ራሱ ዊንዶውስ! ኤክስፒ በአንድ መስመር ላይ ከስድስት በላይ የንባብ ስህተት ሲቆጥር ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ መጨረሻ ፒአይኦ ላይ ያሳርፈዋል። ለማንም አይናገርም፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማብራትም አይመልሰውም። የዚያን ዘመን የኪራይ ፊልም ቪሲዲ አስቡት፤ ደባርቅን ዞሮ ዳባት ደርሶ የተመለሰ፣ ጀርባው እንደ ድመት ጥፍር የተቧጨረ። ያን የሚያነበው ያው ድራይቭ ነው። ስድስት ስህተት የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነበር።

መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ፣ ድራይቩ ያለበትን የአይዲኢ ቻናል ከፍቶ፣ ፒአይኦ የሚለውን ወደ ዲኤምኤ መቀየር። እምቢ ካለ ቻናሉን አንኢንስቶል አድርጎ ሪስታርት ማድረግ፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲያገኘው የቆጠረውን ስህተት ይረሳል። የላላ ወይም የተበላ ኬብል ካለ ግን መቀየር አለበት፣ አለዚያ ተመልሶ ያው ነው። ይህን ባወቅሁ ዓመት ያንኑ ኮምፒውተር አስተካከልኩት፤ ሙሉ ሲዲ በአራት ደቂቃ ጨረሰ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

ካርዱ ጠዋት ተመልሶ ወዲያው ተደምስሷል። የቀረው ግማሽ ውስጥ አምቢኮ ያሳደሩን አባትና ቤተሰባቸው፣ እሳት ዳር ጠላ ሲቀዳልን የተነሳነው ሁሉ ነበረበት። የተረፈው ሲዲም ትናንት ስሞክረው ከ90 ፎቶ 31 ብቻ ተከፈተ።

በዚያ ጠዋት ካርዱን ከመመለሳችን በፊት ከእናንተ ሁለት ልጆች ፎቶ ቤት ሮጠው እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያሳጠባችሁት ካለ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ በስልክ ያነሳችሁትም ቢሆን ይበቃኛል። የአምቢኮው አባት ልጅ አሁን ደባርቅ ነው ያለው፣ የአባቱ ሌላ ፎቶ እንደሌለው ነግሮኛል።