የወሰዱትን አርሞ መመለስ

የዕድር ዕቃ ቤትን ሁላችንም እናውቃለን። ድስትና ድንኳን የሚወስድ ሰው ይመዘገባል፣ እንደወሰደው ይመልሳል። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ግን ከጋራ ማከማቻቸው የወሰዱትን አርመው ነው የሚመልሱት። ታዲያ ሁለት ሰዎች አንዱን ፋይል በአንድ ቀን ቢያርሙትስ? የማን ይጸናል?

የመጀመሪያው መልስ ቁልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካው ቤል ላብስ የተጀመረው ኤስሲሲኤስ ፋይሉን ለአንድ አራሚ ይቆልፍለታል፤ ሌላው እስኪመለስ ይጠብቃል። በኋላ የመጣው ሲቪኤስ ቁልፉን አነሳው። ሁሉም የየራሱን ቅጂ ወስዶ ያርማል። ሲመልስ ሌላ ሰው ቀድሞት ከሆነ መጀመሪያ የዚያን ሰው እርማት ከራሱ ጋር ያዋህዳል። ሁለቱም አንድ መስመር ነክተው ከሆነ ማሽኑ አይፈርድም፤ ምልክት አድርጎ ለሰው ይተወዋል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ደሴት ነበሩ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ዝብርቅርቁ ይወጣል። የአንዱ ድካም በሌላው ላይ አይደመርም ነበር። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 የጋራ ቁጥር ሲያገኝ በሩ ተከፈተ። በ2002 ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለግኖም፣ ማለትም ለሊኑክስ መስኮቶች፣ የአማርኛ ትርጉም አዘጋጀ። ትርጉሙም ወደ ግኖም የጋራ ማከማቻ ገባ። ማከማቻው ከሲቪኤስ ወደ ሰብቨርዥን፣ በ2009 ደግሞ ወደ ጊት ተዛወረ። የአማርኛው ፋይልም የድርጅቱን ስምና 2002ን አናቱ ላይ እንደያዘ አብሮ ተሻገረ።

የፊደሉ ሠንጠረዥ ራሱም እየታረመ የሚመለስ የጋራ ንብረት ነው። አዊ ዞን አዘና ላይ የሚነገረው አውኚ አማርኛ የሌለውን ድምፅ በ«ጘ» ይጽፋል። «ጘ» በ1999 ገብታ ነበር፤ «ጟ» ግን የተጨመረችው በ2005፣ በዩኒኮድ 4.1 ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ከቤተሰቧ ተነጥላ ውጭ ቆየች ማለት ነው። የጎደለውን ያየ ሰው ዝም ቢል ኖሮ ዛሬም ውጭ በነበረች።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ የአውኚ የቃላት ዝርዝር ወይም የታረመ ትርጉም ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጠ ጓደኛ ካላችሁ ጎትጉቱት። ላፕቶፕ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይበላሻል። ወደ ጋራው የተመለሰ እርማት ግን ባለቤቱ ቢደክም እንኳ ሌላ ሰው ካቆመበት ይቀጥለዋል።