ከባቲ ወደ ጎንደር፦ ለባልና ሚስት የሚሆን የጉዞ ዕቅድ

በባቲ ሳምንት የሚጀምረውም የሚያልቀውም በሰኞ ገበያ ነው። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል የሚነዳው፣ ከደጋው እህል ጭኖ የሚወርደው፣ በከተማው ሱቅ የሚከፍተው ሁሉ የሚገናኘው በዚያ ቀን ስለሆነ፣ ከቤቱ ርቆ ለመሄድ ያሰበ ሰው የጉዞውን ዋጋ በብር ብቻ ሊያሰላው አይችልም። አንድ ሰኞ ማለፍ ለብዙው ቤተሰብ የሳምንት ገቢ ማለፍ ነው። ስለዚህ መኸሩን አስገብተው ወይም ሠርጋቸውን ፈጽመው ታሪካዊቷን ጎንደር አብረው ለማየት የሚያስቡ ባልና ሚስት አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ "ጉዞው ስንት ሰኞ ይወስድብናል?" የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ "የምንሄደው ውኃውን ለማየት ነው ወይስ ግንቡን?" የሚል ይሆናል፤ የጉዞውን ወር የሚወስነው መልሱ ነውና።

ውኃው የሚመጣው መቼ ነው?

በዓለም ላይ በውኃ ቦዮቿ የምትታወቅ ታሪካዊ ከተማ ስትነሣ የጣሊያኗ ቬኒስ ቀድማ ትጠራለች። በቦዮቿ ላይ የምትቀዘፈው ጠባብ ጀልባ "ጎንዶላ" ትባላለች፤ ስሟ ከእኛዋ ጎንደር ጋር መቀራረቡ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦዩዋም አንድ፣ ሥራውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ በስተሰሜን ምዕራብ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ በንጉሡ ስም የሚጠራው የፋሲል መዋኛ፣ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በቦይ በሚመጣ ውኃ ለጥምቀት በዓል ይሞላል።

ጥር 10 ቀን የሚከበረው "ከተራ" ስሙን ያገኘው "ከተረ" ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙም ውኃን ገድቦ ማቆር ማለት ነው። በቦርከና ዳር መስኖ የሚያጠጣ የከሚሴ አካባቢ አርሶ አደር አሠራሩን ሳይነገረው ይረዳዋል፤ ከላይ ጠለፋ፣ መካከል ላይ ቦይ፣ ከታች ማጠራቀሚያ ገንዳ። በዚያ ገንዳ መካከል ከቅስት በላይ የቆመ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ወደ እርሱም ጠባብ ድልድይ ያሻግራል። የከተራ ዕለት ታቦታቱ በሰልፍ ወርደው በዚያ ያድራሉ፤ ጥር 11 ንጋት ላይ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቶቹም ዘለው ይገባሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በማግስቱ፣ ጥር 12 ነው።

ብዙ ተጓዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቴሌቪዥንና በስልክ የሚታየው ምስል ሁሉ ገንዳው ሞልቶ የተነሣ ስለሆነ፣ በየካቲት ወይም በግንቦት የሄደ ሰው ደረቅ የድንጋይ ወለል ሲያይ ቅር ይለዋል። ያም ቢሆን መዋኛው ያለ ውኃውም ውበት አለው። የዛፎቹ ሥር የድንጋይ አጥሩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ በአጠገቡም በአፈ ታሪክ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባል ጉልላት ያለው ትንሽ ሕንፃ ይገኛል። ሁለት ሆነው በጥላ ሥር ተቀምጠው በጸጥታ መጨዋወት ለሚፈልጉ ጥንዶች፣ በእኔ አስተያየት፣ ደረቁ ወቅት ከበዓሉ ይሻላል።

ቀኑን መምረጥ

የጥምቀት ወቅት ለባቲ ገበሬ አመቺ ነው። የቆላው ማሽላ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ተሰብስቦ ተወቅቶ ስለሚያልቅ፣ የበልግ ዝናብም ገና ስላልጀመረ፣ ጥር የዕረፍትና የሠርግ ወር ነው። ችግሩ ሰኞ ነው። ጥምቀት በ2019 ዓ.ም. ማክሰኞ ይውላል፤ ከተራው ሰኞ ነው ማለት ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ መነሣት ግድ ስለሚሆን ያ ሰኞ ያመልጣል። በ2020 ዓ.ም. ግን ጥምቀት ሐሙስ ይሆናል። የሰኞን ገበያ ጨርሶ ማክሰኞ ማለዳ የተነሣ ሰው፣ መንገዱ ከቀናው፣ የከተራውን ሰልፍ ባያይ እንኳ ለሐሙስ ንጋት ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚያስብ ግን አልጋውን ከሳምንታት በፊት ይያዝ፤ በከተራ ሌሊት ጎንደር ገብቶ አልጋ መፈለግ ከባድ ነው።

ሙስሊም ተጓዦች ረመዳንንም ማስላት ይኖርባቸዋል። ጾሙ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ በጨረቃ መታየት የሚወሰን ሆኖ፣ በ2019 ዓ.ም. የካቲት መባቻ ላይ፣ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጥር 20 አካባቢ ይጀምራል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ረጋ ብሎ ለመሄድ ያለው ጊዜ እያጠረ ነው። ከበዓሉ ውጪ ለሚሄዱ የታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንታት የተሻሉ ናቸው፤ አልጋም አይወደድም።

በበዓሉ የሚሄዱ ጥንዶች አንድ ነገር አጥብቀው ይያዙ። በጥር 2012 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት በመዋኛው ዙሪያ ከእንጨት የተሠራ የተመልካቾች መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ተጎድተዋል። ጥምቀት ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ በኋላ የተከበረው የመጀመሪያው በዓል ነበር፤ ሕዝቡም እጅግ ብዙ ነበር። ከእንጨት ርብራብ ላይ አለመውጣት፣ ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብሎ መሬት ላይ መቆም፣ ሕዝቡ ቢለያያችሁ የምትገናኙበትን ቦታ ከጧቱ መወሰን ያስፈልጋል። ስልክ በዚያ ግርግር ውስጥ አያስተማምንም። ቬኒስ የሕዝቡን ብዛት ለመቀነስ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለዕለት ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ትጠይቃለች። ጎንደር እንዲህ ያለ ክፍያ የላትም፤ ልዩነቱን የሚያስከፍለው የአልጋ ዋጋ ነው።

መንገዱ

ከባቲ ኮምቦልቻ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ደሴ 25፣ ከደሴ ወልድያ 120 ያህል ይሆናል። ከወልድያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚያደርሰው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፎ ጎንደር ለመግባት ሌላ 120 ይቀራል። በድምሩ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን የሚሞከር አይደለም።

ማክሰኞ ከባቲ ተነሥቶ ወልድያ ማደር፣ ረቡዕ ደብረ ታቦር መድረስ፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጎንደር መግባት የማያደክመው አከፋፈል ነው። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተው እሑድ ማታ ባቲ ቢመለሱ፣ በሁለት ሰኞ መካከል ጎንደር ውስጥ የሚቆዩት አንድ ቀን ተኩል ብቻ ይሆናል። ለዚህ አራት ቀን ተኩል መንገድ ላይ መዋል አያዋጣም እላለሁ። ለቁም እንስሳቱና ለሱቁ የሚጠነቀቅ ዘመድ ካለ አንድ ሰኞ አሳልፎ በ12 እና በ13 ቀን መመለስ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ጣናም ይጨመራል። ቁጠባው የሚፈቅድላቸው ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ጎንደር መብረር ይችላሉ፤ በረራዎቹ መገጣጠማቸውን ትኬት ሳይቆርጡ ማረጋገጥ ግን ይገባል።

በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። በመነሻው ዋዜማ መናኸሪያ ሄዶ ከዚያ አቅጣጫ የመጡ አሽከርካሪዎችን መጠየቅ፣ በመንገዱ ላይ ዘመድ ካለ መደወል፣ በሌሊት አለመጓዝ ግዴታ ነው። በዚሁ ምክንያት የአልጋውን ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ መላክ አይመከርም፤ ቀብድ ከተጠየቀም ቀኑ ቢተላለፍ ይያዝ እንደሆነ በግልጽ መነጋገር ነው። ሁለቱም የታደሰ መታወቂያ ይያዙ።

የባቲ ሰው የሚረሳው ልብስ ነው። ከጋሸና እስከ ደብረ ታቦር ያለው አገር ብርዳማ ደጋ ነው፤ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራም በዚያው በኩል ይታያል። የጎንደር የጥር ሌሊትም ለቆላ ሰው ይከብዳል። ጋቢ ሁለት ይያዝ።

በጎንደር

የነገሥታቱን ግቢ በጧት ማየት ይመረጣል። 900 ሜትር በሚረዝም አጥር የተከበበው ይህ ግቢ ከሌሎች የጎንደር አካባቢ ቅርሶች ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በቅርብ ዓመታትም ጥገና ተደርጎለታል። ከፋሲል ግንብ በተጨማሪ የቀዳማዊ ኢያሱን ግንብ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ጣሊያኖችን ለማስወጣት በጣሉት ቦምብ የተጎዳ ነው። የመግቢያ ትኬቱን አይጣሉት፤ መዋኛውንም ይጨምር እንደሆነ ሲገዙ ይጠይቁ። ለኢትዮጵያውያን የሚከፈለው ከውጭ ዜጎች በእጅጉ ያነሰ ነው። አስጎብኚ ከያዙ ዋጋውን ከመግባት በፊት ይስማሙ።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከጥፋት የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጣሪያዋ ላይ በተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ትታወቃለች። ጫማ ይወልቃል፤ ወንድና ሴት በየበራቸው ይገባሉ። የእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ባጃጅ ይዞ መሄድ ይቀላል። ሙስሊም ተጓዦች አዲስ ዓለምን ቢጎበኙ መልካም ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ ካዘዙ በኋላ የጸና ጥንታዊ የሙስሊሞች መኖሪያ ሲሆን፣ የሙስሊም ምግብ ቤት ለሚፈልግም መጠየቂያው እዚያ ነው።

አልጋ ሲያዝ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው "ውኃ አለ ወይ?" የሚል ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የመጠጥ ውኃ እጥረት አለባት። በሁለት ወንዝ መካከል የተቀመጠች፣ ነገሥታቷ ወንዝ ጠልፈው ገንዳ የሞሉባት ከተማ ዛሬ በጀሪካን ወረፋ መያዟ ያሳዝናል። ማጠራቀሚያ ታንከር ያለው ማረፊያ ቤት ከሌለው ይመረጣል።

ጣና ለተጨመረበት ጉዞ

በመመለሻው ከወረታ ወደ ባሕር ዳር መታጠፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባልና ሚስት ጀልባ ሳይከራዩ ሊያውቁት የሚገባው፣ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት መኖራቸውን ነው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ከእነዚህ ናቸው። ሚስት ጀልባ ላይ ቀርታ ባል ብቻውን የሚጎበኝበት ጉዞ እንዳይሆን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም፣ ጊዜው ከበቃ፣ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ይምረጡ፤ ለሁለቱም ክፍት ናቸው። ዘጌ ለገበሬም ትምህርት አላት። በልማድ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለበት ምድር ስለሆነ ጫካው ቡናውን አጥልሎ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ወጪውን ሲያሰሉ የመንገድ፣ የአልጋ፣ የምግብና የመግቢያ ክፍያውን ለሁለት ሰው ደምረው፣ የድምሩን ሲሶ ለመጠባበቂያ ይጨምሩበት፤ መንገድ ተዘግቶ አንድ ከተማ ሁለት ቀን መቆየት ሊመጣ ይችላል። የዘር መግዣው ገንዘብ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ይሁን። ገንዘቡን በአንድ ኪስ ከመያዝ ከፊሉን በባንክ ወይም በቴሌብር ማስቀመጥ ይሻላል።

ምንም ሰኞ ማሳለፍ የማይችሉ ጥንዶች ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚገኘውን የሐይቅን ሐይቅ ማክሰኞ ሄደው ረቡዕ ሊመለሱ ይችላሉ። በዚያም ወደ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ የሐይቁ ዳርቻ ግን ለሁሉም ክፍት ነው።